ሎጎ ስታሠሩ፦ ከስሙ አጻጻፍ እስከ ንግድ ምልክት ምዝገባ

አዲስ ንግድ የሚጀምር ሰው ፈቃድ አውጥቶ ቤት ከተከራየ በኋላ ቶሎ የሚያስበው ስለ ሎጎ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያደርገውም ተመሳሳይ ነው። ቴሌግራም ላይ ዲዛይነር ያፈላልጋል፣ የድርጅቱን ስም ይልክለታል፣ «አሪፍ ነገር ሥራልኝ» ይለዋል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ምስል ይመጣል። ያምራል። ብሩ ይላካል፣ በቃ። ከዚያ ታፔላ ሠሪው ጋ ሲኬድ «ይሄ ሲጎላ ይበላሻል፣ ኦሪጅናሉን አምጡ» ይባላል። ዲዛይነሩ ሲደወልለት ወይ ስልክ አያነሳም፣ ወይ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ፋይሉ ጠፍቶበታል።

ዲዛይነሩን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ የሚፈልገውን በግልጽ አልተናገረም፣ ምን መረከብ እንዳለበትም አልጠየቀም። የሎጎ ግማሹ ሥራ የሚያሠራው ሰው ድርሻ ነው። ይሄ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ንግድ ይዤ ልሂድ፦ ባልትና። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥንና ቅመማ ቅመም አዘጋጅቶ በፓኬት የሚሸጥ፣ አዲስ አበባ ያለ አነስተኛ ድርጅት እንበል። ባልትናን የመረጥኩት ሎጎው ብዙ ፈተና ስለሚያጋጥመው ነው። ካፌ ወይም ቡቲክ ያላችሁም አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ ስሙን ቁርጥ አድርጉ

ሎጎ ከማሠራታችሁ በፊት ስሙ ያለቀለት መሆን አለበት። ያለቀለት ማለት ንግድ ቢሮ ተቀብሎ የመዘገበው ማለት ነው። ሎጎውን አሠርታችሁ፣ ስቲከር አሳትማችሁ ስታበቁ «ይሄ ስም ተይዟል» ብትባሉ ብሩ ባከነ።

የስሙን አጻጻፍም አብራችሁ ወስኑ። ስማችሁ ውስጥ «ሰላም» ካለ በእሳቱ ሰ ነው ወይስ በንጉሡ ሠ? «ፀሐይ» ነው ወይስ «ጸሐይ»? ንግድ ፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ታፔላው ላይ ሌላ፣ ፌስቡክ ላይ ሦስተኛ ሆኖ የሚታይ ድርጅት ብዙ ነው። ደንበኛ ፈልጎ አያገኘውም። በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም አሁኑኑ ቁረጡ፤ ዕቃ ወደ ውጭ የመላክ ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ በወረቀቶቻችሁ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

2. የት የት እንደሚያርፍ ዘርዝሩ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት እላለሁ። ወረቀት አውጡና ሎጎው የሚታይበትን ቦታ አንድ በአንድ ጻፉ። የባልትናችን ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ የግማሽ ኪሎ ፓኬት፣ የቅመም ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ስቲከር፣ ታፔላ፣ ማህተም፣ ደረሰኝ፣ የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ፣ የሠራተኞች ሽርጥ፣ ዕቃ የሚያደርሰው ሞተር ሣጥን፣ ለጅምላ የሚወጣው ካርቶን።

አሁን እያንዳንዱ ቦታ ምን እንደሚፈልግ አስቡ።

ማህተም አንድ ቀለም ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ነው፣ ክብ ነው፣ ዙሪያውን የድርጅቱ ስም ይጻፍበታል። መሐሉ ላይ ለሎጎው የሚተርፈው ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው። ቀለሙ ሲበዛ ይፈሳል፣ ሲያንስ ይቆራረጣል። ቀጫጭን መስመርና ጥላ ያለበት ሎጎ እዚህ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝም እንደዚሁ በጥቁር ብቻ ነው የሚያትመው።

ቴሌግራምና ቲክቶክ የገጻችሁን ምስል በክብ ቆርጠው ነው የሚያሳዩት። በጣም ረጅምና አግድም የሆነ ሎጎ ሁለት ጫፉ ይቆረጣል፤ እንዳይቆረጥ ብላችሁ ብታሳንሱት ደግሞ አይነበብም። ስለዚህ ከሙሉው ሎጎ ጋር ብቻውን መቆም የሚችል አጭር ምልክት ያስፈልጋችኋል።

ሽርጥ ላይ የሚሠራው በጥልፍ ከሆነ ክር ውፍረት እንዳለው አትርሱ። ከደማቅ ወደ ፈዛዛ ቀስ እያለ የሚሄድ ቀለም በክር አይወጣም።

ዋናው ፈተና ግን ፓኬቱ ነው። ፕላስቲክ ላይ በብዛት ሲታተም ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማተሚያ ቅርጽ ይዘጋጃል። ቀለም በጨመራችሁ ቁጥር ወጪው ይጨምራል። አምስት ቀለም ያለው ሎጎ ስልክ ላይ ሲያዩት ደስ ይላል፤ የማተሚያ ቤቱ ዋጋ ሲመጣ ግን ያስደነግጣል። ሌላም አለ። ፓኬቱ ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ ከሎጎው ጀርባ የሚታየው በርበሬው ራሱ ነው። ቀይ ሎጎ በርበሬ ላይ ይጠፋል። ቢጫው ደግሞ ሽሮ ላይ ይጠፋል። አንዱ መፍትሔ ከሎጎው ሥር ነጭ መደብ ማድረግ ነው፤ እሱም እንደ አንድ ቀለም ይቆጠራል። ይሄን ቀድሞ ያልነገራችሁትን ዲዛይነር በኋላ «ለምን አላሰብክበትም» ማለት አይቻልም።

3. መደርደሪያው ፊት ቁሙ

አንድ ሱፐርማርኬት ግቡና የባልትና መደርደሪያው ፊት ቆማችሁ እዩ፣ ፎቶም አንሱት። መሶብ፣ ሰፌድ፣ ሙቀጫ፣ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች እናት፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም። ሁሉም ቆንጆ ነገሮች ናቸው፣ የእኛም ናቸው። ግን ደንበኛ መጥቶ «ያቺን መሶብ ያለባትን ስጠኝ» ቢል ባለሱቁ የትኛዋን ይስጠው? ሎጎ የሚሠራው ከጎኑ ካለው ዕቃ እንዲለይ ነው። ቡና የምትሸጡ ከሆነ ጀበናና ሲኒ፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ክፍት መጽሐፍ ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው። መሶብ ፈጽሞ አትጠቀሙ አልልም። ከተጠቀማችሁ ግን ሌላው ባላየበት በኩል የታየ ይሁን። የመሶቡ ሙሉ ምስል ቀርቶ የስፌቱ አንድ ንድፍ ብቻ ቢወሰድ ከመደርደሪያው ሁሉ ሊለይ ይችላል።

ክሊኒክ ወይም ፋርማሲ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በነጭ ላይ ያለ ቀይ መስቀል በ1949 እ.ኤ.አ. በተፈረሙት የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ምልክት ነው። ለንግድ ሎጎ አይሆንም። አረንጓዴ መስቀል ወይም ሌላ ምልክት ፈልጉ።

ቀለምም የሚታወቅ ባለቤት አለው። ሐምራዊ ሲታይ ብዙ ሰው ንግድ ባንክን ያስባል፣ ቢጫ ሲታይ አቢሲንያ ባንክን። በሌላ ዘርፍ ስላላችሁ ቀለሙን መጠቀም ትችላላችሁ፤ በራሳችሁ ዘርፍ ግን ጎልቶ የሚታወቀው ተፎካካሪ የያዘውን ቀለም ሽሹ። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን በተመለከተ የኔ ምክር ቢቀር ነው። በጣም ብዙ ድርጅት ይዞታል፣ ለኅትመትም ሦስት ቀለም ነው።

4. ፍላጎታችሁን በጽሑፍ አድርጉ

«አሪፍ ነገር ሥራልኝ» ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ዲዛይነሩ የእናንተን ልብ ማንበብ አይችልም። አንድ ገጽ የማትሞላ ጽሑፍ ትበቃለች። የባልትናችን ባለቤት እንዲህ ብላ በቴሌግራም ልትልክ ትችላለች፦

«ድርጅታችን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥንና ቅመማ ቅመም ያዘጋጃል። የሚገዙን አዲስ አበባ ያሉ ሥራ የሚበዛባቸው ቤተሰቦችና አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻቸው የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ዛላውን ራሳችን ለቅመን፣ አድርቀንና አስፈጭተን ነው የምንሸጠው፤ ባዕድ ነገር እንደሌለው ደንበኛ ገና ፓኬቱን ሲያይ እንዲሰማው እንፈልጋለን። የአማርኛው ስም ዋናው ነው፣ የእንግሊዝኛው ከሥር በትንሹ ይገባል። መሶብና ጀበና አንፈልግም። ፓኬታችን ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ሎጎው በርበሬም ሽሮም ላይ መታየት አለበት። ከሁለት ቀለም አይብለጥ። ማህተም ላይ፣ የቴሌግራም ክብ ውስጥና ታፔላ ላይ ይውላል። የምንወዳቸውን ሦስት ሎጎዎችና የማንወዳቸውን ሁለት ከነምክንያቱ ልኬያለሁ። የምወስነው እኔ ብቻ ነኝ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ብዙ ነገር ታድናለች። ባል ሰማያዊ ይሁን ይላል፣ እህት ወርቃማ ትላለች፣ ሸሪኩ ደግሞ አንበሳ ይጨመርበት ይላል። ዲዛይነሩ ሁሉንም ለማስደሰት ሲል ማንንም የማያስደስት ነገር ይሠራል። የሁሉንም ሐሳብ ስሙ። ለዲዛይነሩ የሚደርሰው ቃል ግን ከአንድ ሰው አፍ ይውጣ።

5. ዲዛይነር መምረጥ

ሥራዎቹን አሳዩኝ በሉ። ባዶ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሚመስል ሞካፕ (በኮምፒውተር የተቀናበረ ማሳያ ምስል) ማንም ማሳየት ይችላል። እናንተ «ከእነዚህ ውስጥ አሁን ሥራ ላይ ያለው የትኛው ነው? ታፔላው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መንገዳችሁ ላይ ከሆነ ሄዳችሁ እዩት።

በአማርኛ የሠራውን ለይታችሁ እዩ። በላቲን ፊደል ግሩም ሎጎ የሚሠራ ሰው የአማርኛውን ስም ኮምፒውተሩ ላይ ባገኘው ፊደል መትቶ ከሥር ሊያስቀምጠው ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ የተሠራ፣ ሌላኛው የተረሳ ይመስላል። ፊደላችንን ወድዶና ተጠንቅቆ የሚሠራ ዲዛይነር ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ዋጋው ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። በጣም ርካሽ ሲሆን ግን ምስሉ ከኢንተርኔት የተወሰደ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ማጣራት ቀላል ነው። የመጣላችሁን ምስል በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ሕንድ ያለ ምግብ ቤትም ብራዚል ያለ ሱቅም ይዞት ካገኛችሁ፣ የተሸጠላችሁ የሌላ ሰው ምስል ነው።

«የአክስቴ ልጅ ይሠራልኛል» የሚለውም አለ። ልጁ ጎበዝ ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ያሠሩት። ግን ይክፈሉት፣ እንደ ማንኛውም ባለሙያም በጽሑፍ ይዋዋሉት። በዝምድና የተጀመረ ሥራ የሚንጓተተው ብር መጠየቅም ማስተካከያ መጠየቅም ይሉኝታ ስለሚሆን ነው።

ካንቫን (ዝግጁ ንድፎች ያሉበትን የዲዛይን ድረ ገጽ) እና ምስል የሚሠሩ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሣሪያዎችን በተመለከተ፦ ሐሳብ ለመፈለግና ለዲዛይነሩ «ወደዚህ የሚጠጋ ነገር» ብሎ ለማሳየት ጥሩ ናቸው። ለመጨረሻው ሎጎ ግን አልመክርም። ካንቫ ውስጥ ያሉትን ዝግጁ ምስሎች ማንም ይጠቀምባቸዋል፤ የካንቫ ደንብ ራሱ እነዚያን ምስሎች የንግድ ምልክት አካል አድርጎ ማስመዝገብ አይፈቅድም። ኤአይ የሚሠራቸው ምስሎች ላይ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ፊደል የሚመስል ግን በፊደል ገበታ ላይ የሌለ ቅርጽ ታገኛላችሁ። ከሩቅ አያስታውቅም። ታፔላ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ግን አላፊ አግዳሚው ያየዋል።

6. ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

ጠበቃ አያስፈልግም፣ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው የአንድ ሥራ የኢኮኖሚ መብት (ሥራውን የማባዛትና ጥቅም የማግኘት መብት) ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። «ብር ከፍያለሁ፣ ሥዕሉ የኔ ነው» ብሎ ከመከራከር በወረቀት የሰፈረ ቃል መያዝ ይሻላል። በሁለት ገጽ ወረቀት ላይ ይህን የመሰለ ቃል ይኑር፦

«ዲዛይነሩ ለድርጅቱ የሠራውን ሎጎ የኢኮኖሚ መብት ሙሉ ክፍያ በተፈጸመበት ቀን ሙሉ በሙሉ ለድርጅቱ አስተላልፏል። ድርጅቱ ሎጎውን በማንኛውም ቦታና መንገድ መጠቀም፣ ማሻሻልና በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብ ይችላል። ዲዛይነሩ ሥራው የራሱ እንደሆነና ከሌላ ሰው ሥራ እንዳልተገለበጠ ያረጋግጣል።»

ከዚህ ጋር ስንት ረቂቅ እንደሚቀርብ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚያልቅና የትኞቹ ፋይሎች እንደሚሰጡ ይጻፍ። ዲዛይነሩ ሎጎውን በራሱ የሥራ ማሳያ ላይ እንዲያወጣው መፍቀድ ደግሞ ደግነት ነው፤ እሱም እንጀራው ነው።

ክፍያውን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ቀብድ ይሁን፣ ቀሪው ምስሉን ስታዩ ሳይሆን ፋይሎቹ እጃችሁ ሲገቡ ይከፈል። ቀብድ አልሰጥም ማለት ግን ተገቢ አይደለም። ሐሳብ ማፍለቅ ራሱ ሥራ ነው።

7. ረቂቁ ሲመጣ

የመጀመሪያውን ረቂቅ በጥቁርና ነጭ ጠይቁ። ቀለም ዓይን ያታልላል። በጥቁር ብቻ የቆመ ሎጎ ማህተም ላይም ደረሰኝ ላይም ይቆማል። ሃያ አማራጭም አትጠይቁ። በሐሳብ የሚለያዩ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ።

አስተያየት ስትሰጡ ይሉኝታ አይያዛችሁ። «ጥሩ ነው» ብላችሁ በልባችሁ ያልወደዳችሁት ሎጎ ዓመታት ሙሉ በራችሁ ላይ ሊሰቀል ነው። «አልወደድኩትም» ብቻ ማለትም አይረዳም። «ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ወደ ግራ ውሰደው» እያላችሁ ብዕሩን ከእጁ አትቀሙት። ችግሩን ንገሩት፣ መፍትሔውን እሱ ያምጣ። ለምሳሌ፦ «ፓኬቱ ላይ ሳስቀምጠው ስሙ አይነበብም፣ ምልክቱ ነው ቀድሞ የሚታየኝ። ደንበኛ ስሙን እንዲያስታውስ ነው የምፈልገው።» ይሄን የሰማ ዲዛይነር ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ፊደሉ ላይ ቆም በሉ። አማርኛ ለሎጎ ትልቅ ጥቅም አለው። «ባልትና» በእኛ ፊደል አራት ቅርጽ ነው፤ በላቲን ቢጻፍ ሰባት ፊደል ይሆናል። አጭር ስም ትልቅ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፣ ከሩቅም ይነበባል። በሌላ በኩል ፊደሎቻችንን የሚለያዩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። «ቢ»ን «ቤ» የሚያደርጋት እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ብቻ ናት። ሎጎው ሲያንስ ወይም ማህተም ላይ ቀለም ሲፈስ ያቺ ቀለበት ትደፈናለች፣ «ቤት» የነበረውም «ቢት» መስሎ ይነበባል። «ሊ» እና «ሌ»፣ «ቲ» እና «ቴ» ላይም ያው ነው። ስማችሁ ውስጥ እነዚህ ካሉ ዲዛይነሩ ቀለበቷን ሰፋ አድርጎ እንዲሠራት ንገሩት። ፊደሉን ለማስዋብ ብሎ እግሩን ሲያስረዝም፣ ራሱን ሲቆርጥ ሌላ ፊደል እንዳይሆንም አጣሩ። ሐሳቡን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው አሳዩትና «ምን ይላል?» በሉት። ከተንተባተበ ይስተካከል።

የእንግሊዝኛው ስም አብሮ ካለ የሁለቱን ቁመት እዩ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፣ ሁሉም ረጃጅምና ደማቅ ነው። ስለዚህ የላቲኑ በትልልቅ ፊደላት ሲሆን አብሮት መቆም ይቀለዋል።

የተጠቀመበት ፊደል ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለንግድ ሥራም በነፃ እንዲያገለግሉ የተፈቀዱ ናቸው። የሚሸጥ ፊደል ከሆነ ፈቃዱ መገዛት አለበት።

8. ሳታጸድቁት ፈትኑት

ስልክ ላይ አይታችሁ ብቻ አታጽድቁ። ቤት ባለው ወይም ጎረቤት ባለው ፕሪንተር አትሙት። በሦስት ሴንቲ ሜትር አትሙት። በኤ4 ሙሉ አትሙት። ከዚያ ፎቶኮፒ አድርጉት፣ ፎቶኮፒውን ደግሞ እንደገና ፎቶኮፒ አድርጉት። አሁንም ይታወቃል?

ትንሹን ቆርጣችሁ የበርበሬ ፓኬት ላይ፣ ከዚያ የሽሮ ፓኬት ላይ ለጥፉት። ትልቁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ መንገዱን ተሻግራችሁ እዩት። የቴሌግራም ፕሮፋይል አድርጉትና ከሌሎች ቻናሎች መሐል አግኙት። ቀለሙንም በወረቀት ላይ እዩ። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲታተም ይደበዝዛል፤ ስክሪን ቀለሙን በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ማተሚያ በቀለም ነው። ሱፐርማርኬት ካነሳችሁት ፎቶ ላይ ደግሞ የእናንተን ፓኬት ጨምሩበት። ከሌሎቹ ተለይቶ ዓይን ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው።

9. ፋይሎቹን ተረከቡ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። ሎጎ አንድ ምስል አይደለም፣ የፋይሎች ስብስብ ነው። እነዚህን ሳትረከቡ ቀሪውን ብር አትክፈሉ፦

– ዋናው ቬክተር ፋይል፦ ኤአይ (እዚህ ላይ የአዶቤ ኢሉስትሬተር ፋይል ማለት ነው) ወይም ኤስቪጂ፣ ከዚያም ፒዲኤፍ። ታፔላ ሠሪ «ኦሪጅናል» የሚለው ይሄን ነው።
– ፒኤንጂ፣ ከኋላው መደብ የሌለው። ባለቀለሙ፣ ጥቁሩና ነጩ ለየብቻ።
– ሙሉው ሎጎ፣ አጭሩ ምልክትና ለክብ ፕሮፋይል የተዘጋጀው።
– የቀለሞቹ ቁጥር፦ ለስክሪን ሄክስ ኮድ፣ ለኅትመት ሲኤምዋይኬ።
– የፊደሎቹ ስም።

ቬክተር ለምን? ቬክተር በነጥብ ሳይሆን በቅርጽ ስሌት የተሠራ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብታጎሉት አይበላሽም። ተራ ምስል ግን ነጥቦቹ የተቆጠሩ ናቸው። 500 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በጥራት ሲታተም ከ4 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለስቲከር ይሆናል። ሦስት ሜትር ታፔላ ላይ ሲወጣ ግን እንደ ደረጃ የተሰባበረ ጠርዝ ነው የሚታየው። አንዳንዴ ደግሞ ተራ ምስል ፒዲኤፍ ውስጥ ተከትቶ ይሰጣል። የፋይሉ ስም አያታልላችሁ። ክፈቱትና የቻላችሁትን ያህል አጉሉት፤ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቀጠለ ቬክተር ነው፣ ከተሰባበረ አይደለም።

ጽሑፉ ወደ ቅርጽ መቀየሩንም ጠይቁ። ባለሙያዎቹ አውትላይን ይሉታል። ፓወር ግዕዝን በመሰሉ የቆዩ ፊደሎች የተጻፈ ስም ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። ማተሚያ ቤቱም ያንኑ አትሞ ይሰጣችኋል።

በቴሌግራም ስትቀበሉ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉ። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም መጠኑን ያሳንሰዋል፣ መደብ የሌለውም ፒኤንጂ መደብ ይበጅለታል። ፋይሎቹን በኢሜይላችሁ፣ በጉግል ድራይቭና በፍላሽ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

10. አስመዝግቡት

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ንግድ ቢሮ የመዘገበላችሁ ስማችሁን ነው። ሎጎውን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፣ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት። በአዋጁ የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። «እኔ ቀድሜ ስጠቀምበት ነበር» ብሎ መከራከር ከባድና አድካሚ መንገድ ነው።

ሂደቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ማመልከቻ ትሞላላችሁ፣ የሎጎውን ናሙናና የንግድ ፈቃዳችሁን ታያይዛላችሁ፣ ክፍያ ትከፍላላችሁ። ባለሥልጣኑ ከተመዘገቡት ጋር አስተያይቶ ይመረምራል። ካለፈ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በማስታወቂያ ይወጣል፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ተቃዋሚ ከሌለ የምስክር ወረቀቱ ይሰጣል።

ማመልከቻው ላይ የዕቃውን ክፍል ትጠየቃላችሁ። ዓለም አቀፉ አመዳደብ 45 ክፍሎች አሉት፤ እስከ 34 ያሉት ለዕቃ፣ ከ35 እስከ 45 ያሉት ለአገልግሎት ናቸው። ቅመማ ቅመምና ቡና 30ኛው ውስጥ ናቸው፣ ልብስ 25ኛው፣ ምግብ ቤት 43ኛው። ባልትናችን ነገ ምግብ ቤትም ልትከፍት ካሰበች 30ኛው ብቻውን አይበቃትም። የማይመዘገቡም አሉ፦ የአገር ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ፣ ወይም ዕቃውን ብቻ የሚገልጽ ቃል። «ንጹህ በርበሬ» የሚለውን ማንም የራሱ ማድረግ አይችልም።

ፓኬቱ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ሥራ አለ። እዚህ የተመዘገበ ምልክት የሚጠበቀው እዚሁ ነው። አገራችን የይርጋጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስትነሳ የገጠማትን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰው ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሀበሻ ሱቆች በርበሬያችሁ መሸጥ ከጀመረ የአሜሪካውን ምዝገባ ዕቃው ሳይለመድ ጀምሩት። ከአከፋፋዩ ጋር ስትዋዋሉም አመልካች ሆኖ የሚቀርበው የእናንተ ድርጅት መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። አከፋፋዩ በራሱ ስም አስመዝግቦት ከተገኘ ማስመለሱ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

የኢትዮጵያው ምዝገባ የሚያገለግለው ለ7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። የምስክር ወረቀቱን ስካን አድርጋችሁ ከቬክተሩ ፋይል ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፤ የማደሻውን ቀን ደግሞ ከጥቂት ወራት ቀደም አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉበት።